ደጋፊ የሚጮኸው ብቻ ነው ወይስ ድምፅም አለው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በመኝታ ቤታችን የተነሣ ክርክር መብራት እስኪጠፋ ድረስ አልበረደም ነበር። የተጀመረው እንደ ተለመደው ከማንቸስተር ዩናይትድና ከአርሴናል ነው። አንዱ «የግሌዘር ቤተሰብ ክለቡን ዕዳ አሸከመው» ሲል፣ ሌላው «የእናንተው ክሮንኬስ ምን ይሻላል?» ብሎ መለሰለት። ስለ ባሕር ማዶ ክለብ ባለቤት ይህን ያህል ከተሟገትን በኋላ፣ ጥግ ካለው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ሲያዳምጥ የቆየ አንድ የሰበታ ልጅ ቀና አለና «ቆይ፣ የእኛ ከተማ ክለብ ባለቤቱ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። «መንግሥት ነዋ!» አለ አንዱ። «ማዘጋጃ ቤቱ ነው» አለ ሌላው። ሦስተኛው «ደጋፊው ነው» ቢል ግን ሁላችንም ሳቅንበት። እኔም ስቄያለሁ።

ሳቁ ግን ሲያድር ከነከነኝ። ለምን ሳቅን? «ክለቤ» የሚል ሰው «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ሲል የሚያስቅ ከሆነ፣ ከሁለቱ አንዱ ቃል ውሸት ነው ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም ስለዚሁ ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ክለብ የደጋፊው የሚሆነው ደጋፊው ስለ ጮኸለት ወይም ገንዘብ ስላዋጣለት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ የመምረጥ ድምፅ ሲኖረው፣ ሒሳብ የመጠየቅ መብት ሲኖረው፣ ክለቡ ሲቸገር ደግሞ የመሸከም ግዴታ ሲኖርበት። አማርኛችን የጉሮሮውንም የምርጫውንም «ድምፅ» ብሎ ይጠራል። በየሜዳው የጉሮሮው ሞልቶ ተርፏል። የጎደለን የምርጫው ነው።

እስቲ ከስም እንጀምር። ብዙዎቹ የከተማ ቡድኖቻችን «ከነማ» ሲባሉ ኖረዋል፤ ሰበታ ከነማ፣ ሐዋሳ ከነማ፣ ፋሲል ከነማ እያልን ጠርተናቸዋል። ከነማ ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ያሉት የከነማ መድኃኒት ቤቶችም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው። የከተማ ነዋሪዎች በማኅበር እንዲደራጁ መነሻ የሆነው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 እንደ ነበር በታሪክ ትምህርት ተምረነዋል። እንግዲህ በስሙ ከሄድን የከተማ ክለብ የነዋሪው ማኅበር ነው ማለት ነው። ታዲያ ከመካከላችን የከተማው ክለብ አባል ሆኖ የተመዘገበ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ እጁን ያወጣ ማነው? በመኝታ ቤታችን አንድም ሰው አልተገኘም። ስሙ ቀረ፣ ማኅበሩ ጠፋ።

ይህ የሆነው ኳሳችን ያደገበት መንገድ ስላለው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው በአራዳ ልጆች ነው። ኢትዮጵያ ቡና ደግሞ በ1968 ዓ.ም. በቡና ሠራተኞች ተቋቁሞ፣ ቡና ገበያ እየተባለ አድጎ፣ በ2003 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሣ። እነዚህ ሁለቱ የደጋፊዎች ማኅበር አላቸው። ደጋፊያቸው መዋጮ ይከፍላል፣ መለያ ይገዛል። ከእነርሱ ሌላ ያሉት አብዛኞቹ ግን ወይ የመሥሪያ ቤት ቡድን ናቸው፣ ለምሳሌ የመከላከያ፣ የባንክ፣ የኤሌክትሪክ፤ ወይም የከተማ አስተዳደር በጀት ይዟቸው የሚኖሩ ናቸው። በጀት የሚሰጥ ሥራ አስኪያጅ ይሾማል፣ አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። ደጋፊው ይህን ሁሉ የሚሰማው ከራዲዮ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለዙሪያው ከተሞች ሰዎች ቅርብ ነው። ሰበታ በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎችም ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። የአስተዳደር መዋቅር ዛሬም ነገም ሊለወጥ ይችላል፤ መንግሥት እንደሚበጅ አድርጎ ያደራጃል። ነገር ግን ክለብ ሥሩ በጀት ብቻ ከሆነ፣ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር «ነገስ እንኖር ይሆን?» እያለ መስጋቱ አይቀርም። ሥሩ በአባላት መዝገብ ውስጥ ከሆነ ግን የቢሮ ታፔላ ቢለወጥም ማኅበሩ ይቀጥላል።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበር ነው። የቴሌቪዥን ስርጭቱም ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ባለ አክሲዮኖቹ ክለቦቹ ናቸው። ከዚያው ዓመት አንሥቶም ለተከታታይ ዓመታት ጨዋታዎቹ በየዙሩ በአንድ ከተማ እየተሰባሰቡ ይደረጉ ጀመር፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ለዚህ ምክንያት ነበረው። ወረርሽኙ ነበር፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ዕድሳት ነበር፣ የስርጭቱ ጥራት ነበር። ይሁንና በየሳምንቱ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ በታክሲ ወርዶ ስታዲየም ይገባ የነበረ ደጋፊ፣ ቡድኑን የሚያየው በመስኮት በኩል እንደሚያልፍ ጎረቤት ሆነ። ውሳኔው ትክክል ይሁን ስሕተት አልከራከርም። የምለው፣ በክለቡ ጉባኤ መቀመጫ ያለው ደጋፊ ቢያንስ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር ነው።

እኔ ባደግሁበት ከተማ የሆነውን ልንገራችሁ። የከተማውንም የሰዎቹንም ስም ልተወው። ቡድናችን ለጨዋታ ሊሄድ «የመኪና በጀት አልተለቀቀም» ተባለ። እኛ የሰፈር ልጆች ከሱቅ ሱቅ ዞረን ብር ሰበሰብን። የሰጪው ስምና የሰጠው መጠን በእኔ ደብተር ተጻፈ። አንዲት ጠላ ሻጭ እናት ሃምሳ ብር ሰጥተው «ልጆቹ እንዳይራቡ» አሉን። ቡድኑ ሄደ፣ አሸንፎም መጣ። በማግሥቱ ደብተሬን ይዤ ወደ አስተባባሪው ሄድሁና «ጋሼ፣ ሰዎቹ ይጠይቁኛል፣ ገንዘቡ ምን ምን ላይ ዋለ?» አልኋቸው። «አንተ ልጅ፣ የደጋፊ ሥራ መደገፍ ነው። ሒሳብ ምን አገባህ?» ብለው መለሱኝ። ገንዘቡ ተበልቷል አላልሁም፣ ዛሬም አልልም፤ ምናልባት እያንዳንዱ ሳንቲም በቦታው ውሎ ይሆናል። ነገር ግን ያንን ማሳየት ስላልተቻለ በሚቀጥለው ዓመት ደብተሬን ይዤ ስዞር የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ያቺ እናት እንኳ «ልጄ፣ ያለፈውስ የት ደረሰ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡድኑም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተበተነ። ቡድኑን የገደለው ድህነት ነው ቢባል እኔ አላምንም።

አሁን በክርክሩ ላይ ወደ ቀረቡት ተቃውሞዎች ልለፍ። ሁሉም ከንቱ አይደሉም።

አንደኛው «ገንዘብ የከፈለ ያዝዛል፤ ደጋፊ ከየት አምጥቶ ደመወዝ ይከፍላል?» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ መዋጮ ብቻውን የፕሪሚየር ሊግ ቡድን አያኖርም። ግን ሁሉንም ደጋፊው ይክፈል ያለ የለም። በጀርመን አገር «50 ሲደመር 1» የሚባል ደንብ አለ። ባለሀብት ገንዘቡን ሊያስገባ ይችላል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ ግን በአባላት ማኅበር እጅ ይቀራል። እንደ ባየር ሌቨርኩሰንና ቮልፍስቡርግ ያሉት ከፋብሪካ የተወለዱ ቡድኖች ለብቻ ታይተው ተፈቅዶላቸዋል። አውሮፓ ራቀብን ካልን ወደ ጎረቤት እንይ። የታንዛንያው ሲምባ ዕድሜው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ተቀራራቢ ነው። አባላቱ ተሰብስበው፣ 51 በመቶው የአባላት፣ 49 በመቶው የባለሀብት እንዲሆን ወሰኑ። ገንዘብም ገባ፣ ክለቡም የአባላቱ ሆኖ ቀረ። ደግሞስ የማዘጋጃ ቤቱ በጀት የማን ነው? ነዋሪው ከከፈለው ግብር የመጣ አይደለም እንዴ? ነዋሪው ከፍሏል፤ ያልተሰጠው ደረሰኙ ነው።

ሁለተኛው «ደጋፊ ስሜታዊ ነው፤ በተሸነፈ ቁጥር አሠልጣኝ ያባርራል» የሚል ነው። አባላት አሰላለፍ አያወጡም። ቦርድ ይመርጣሉ፣ ቦርዱ በውል አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ በዓመቱ መጨረሻ ቦርዱ ይጠየቃል። ሰው ድንጋይ የሚያነሣው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገርበት ሌላ ቦታ ሲያጣ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደኝ ነው። «በእኛ አገር ደጋፊ ከተደራጀ ጠብ ያመጣል» ይላሉ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየስታዲየሙ የደረሰውን ረብሻ፣ ኳሱ የብሔር መናቆሪያ ሲሆን ያየነውን፣ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ያ ስም የሌለው ሕዝብ ነበር። የተመዘገበ አባል ስሙ ይታወቃል፣ መታወቂያ አለው፣ ካጠፋ ማኅበሩ ይቀጣዋል። ቅድመ ሁኔታው ግን አንድ ነው። መዝገቡ ኦሮምኛም ይናገር አማርኛ ወይም ጉራግኛ፣ ለከተማው ነዋሪ ሁሉ ክፍት መሆን አለበት። ለአንድ ወገን ብቻ የተከፈተ መዝገብ ከባዶው ይብሳል።

ምርጫ ብቻውን መድኃኒት ነው ማለቴ እንዳልሆነም ይታወቅልኝ። የባርሴሎና አባላት ፕሬዚዳንታቸውን ይመርጣሉ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2021 የክለቡ ዕዳ ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ መሆኑ ተነገረ። የመረጡት ሰው አባከነው። ግን ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በ2020፣ ከሃያ ሺህ በላይ አባላት ፈርመው ባርቶሜዩን ለመሻር ድምፅ እንዲሰጥ ስላስገደዱ ሰውዬው ድምፁ ሳይሰጥ ሥልጣኑን ለቀቀ። አክሲዮን መግዛትም ቢሆን ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ክሮንኬ የኡስማኖቭን ድርሻ ሲገዛ፣ አንድ ሁለት አክሲዮን ከአያታቸው የወረሱ የአርሴናል ደጋፊዎች ሳይወዱ በሕግ ተገደው ሸጡ። በአክሲዮን ድምፅ የሚቆጠረው በብር ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ብዙ ያለውም ጥቂት ያለውም ድምፁ አንድ ነው። እንግዲህ ደንብ የሚጽፍ ሰው ይህን ልዩነት ሳያይ ማለፍ የለበትም።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እድራችን ምንድን ነው? ሀብታሙም ድኻውም እኩል ያዋጣል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በስብሰባ ይመረጣሉ። ቀሪ ይቀጣል። ሒሳብ ሳይነበብ ስብሰባ አይበተንም። ድንኳንና ወንበር ለማስተዳደር ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሕዝብ ክለብ ማስተዳደር አይችልም ማለት ስድብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የእንግሊዙ ዊምብልደን ወደ ሌላ ከተማ ሊወሰድ ሲፈቀድ፣ ደጋፊዎቹ የራሳቸውን ክለብ ከታች ከዘጠነኛው እርከን ጀምረው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሊግ አስገቡት። ሥራቸው ከእድር ሥራ አይለይም፤ መዝገብ፣ መዋጮ፣ ስብሰባ፣ ሒሳብ።

አሁን ወደ ግቢያችን እንምጣ። እኛ ስለ ሸገር ክለቦች አዋጅ ማውጣት አንችልም። ግን የተቋማችን ቡድን አለ። ለመለያና ለጫማ ከእያንዳንዱ ሠልጣኝ መዋጮ ተሰብስቧል። ከሴት ሠልጣኞችም እኩል ተሰብስቧል፤ የሴቶቹ ቡድን ግን ኳስ እየለመነ ነው የሚለማመደው። ለምን? ብንባል መልስ ያለን አይመስለኝም። ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ/ መዋጮ የከፈለ ሁሉ በመዝገብ ይግባ፤ ድምፁም አንድ ይሁን፣ መምህርም ይሁን ሠልጣኝ።

2ኛ/ የቡድኑ ኮሚቴ በስብሰባ ይመረጥ። ከመካከላቸው ሴት ሠልጣኞችና አንድ መምህር ይኑሩበት። ዘመኑ አንድ ዓመት ይሁን።

3ኛ/ የገቢና የወጪ ዝርዝር በየወሩ ይለጠፍ። ቦታ ከተቸገሩ ይኸው ግድግዳ አለ።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን እኛ በሚቀጥለው ዓመት ወደየወረዳው ተበትነን መምህር እንሆናለን። መምህር በደረሰበት ሁሉ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተደርጎ መመረጡ ያለ ነው፤ የወረዳው ቡድን ደብተርም አንድ ቀን በእጃችን ይገባል። ያን ጊዜ አንድ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ደብተሩን ከፍተን የምናሳየው እዚህ ከለመድነው ብቻ ነው።

ተቃዋሚ ካለ መልሱን ይጻፍና ከዚህ ጎን ይለጥፍ። የሰበታው ልጅ ግን ጥያቄውን ደግሞ እንዲጠይቀን እፈልጋለሁ። በዚህ ጊዜ አንስቅም።

አንድ የሁለተኛ ዓመት ሠልጣኝ