የሴቶች ወሲባዊ ርካታ፦ ከደረጃ ምደባ ወደ አካል ዕውቀት

ስለ ሴቶች ወሲባዊ ርካታ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ኦርጋዝም ስንት ዓይነት ነው?» የሚል ነው። የተለመደው መልስ የቂንጥር፣ የብልት ውስጠኛ ክፍልና የሁለቱ ድብልቅ ብሎ ይከፍለዋል። ክፍፍሉ ስሜቱ ከየት እንደሚነሣ ለመግለጽ ይጠቅማል። ችግር የሚሆነው ገለጻው ወደ ደረጃ ሲለወጥና አንዱ «ሙሉ» ሌላው «ጎዶሎ» ሲባል ነው።

ለደረጃ ምደባው መስፋፋት ሲግመንድ ፍሮይድ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በ1905 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ ሴት ስትበስል ስሜቷ ከቂንጥር ወደ ብልት ውስጠኛ ክፍል መሸጋገር እንዳለበት ጻፈ። ሽግግሩ ያልሆነላት ሴት ያልበሰለች ተደርጋ ተቆጠረች። ሐሳቡ ግን በአካል ምርመራ የተደገፈ አልነበረም። በ1966 እ.ኤ.አ. ማስተርስና ጆንሰን በቤተ ሙከራ ያደረጉትን ጥናት ሲያሳትሙ፣ መነሻው የትም ይሁን የአካል ምላሹ በመሠረቱ አንድ መሆኑን አመለከቱ። አውስትራሊያዊቷ የሽንት አካላት ቀዶ ሐኪም ሄለን ኦኮኔል ደግሞ በ1998 እና በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ ከውጭ የሚታየው የቂንጥር ክፍል ጫፉ ብቻ እንደሆነ፣ የሚበዛው አካል ግን ከቆዳ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧንና የብልትን ግድግዳ እንደሚያቅፍ አሳየች። ስለዚህ ሁለቱን ስሜቶች ፈጽሞ የተለያዩ አድርጎ ማየት ያስቸግራል።

ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 65 በመቶው መገረዛቸውን ያሳያል። የወንጀል ሕጉም ድርጊቱን ይከለክላል። ስለ ግርዛት የሚሰጠው ትምህርት የደም መፍሰስን፣ ልክፈትንና የወሊድ ችግርን ማስተማሩ ተገቢ ነው። ስለ ርካታ ግን ወይ ዝም ይላል፣ ወይም የተገረዘች ሴት ሁሉ ስሜቷን ለዘለዓለም እንዳጣች አድርጎ ይናገራል። ግርዛት እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ሥቃይና የስሜት መቀነስ የሚያስከትልባቸው ሴቶች አሉ። ሆኖም የቂንጥር ውስጣዊ አካል አብዛኛውን ጊዜ ከግርዛት በኋላም ይቀራል፤ ርካታ የሚያገኙ የተገረዙ ሴቶችም ጥቂት አይደሉም። ለአንዲት ሴት «ያንቺ ነገር አብቅቷል» ማለት በጉዳት ላይ ሌላ ጉዳት መጨመር ነው።

ጉዳዩን በአደባባይ ማንሣት ከጨዋነት ጋር ይጋጫል የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ነገር ግን አዋላጅ ነርስም ሆነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የአካሉን ስም ለመጥራት ካፈረች፣ ሥቃይ ያለባት ሴት ለማን ትናገር? ጨዋነት በቃላት አመራረጥና በአነጋገር ይጠበቃል፤ ዕውቀትን መደበቅ አይጠይቅም። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ሥልጠና የቂንጥርን ሙሉ አካል በሥዕል ማስተማር፣ የኦርጋዝም ዓይነቶችንም ያለ ማበላለጥ ማስረዳት ይኖርበታል። ሴት ልጅ መለካት ያለባት በሌላ ሰው ሚዛን ሳይሆን በራሷ ደኅንነት፣ ፈቃድና ርካታ ነው።