ጭራቁ ማን ነበር?

በኪነ ጥበብ ሂስ ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ የተዛባ አስተሳሰብ አለ። ይኸውም በርካሽ ወረቀት ታትሞ፣ በሳንቲም ተሽጦ፣ ሕፃናት እጅ የገባ ሥራ ሁሉ ለሂስ አይበቃም የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ቀለው ከተጣሉት መካከል በ1950ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በ10 ሳንቲም ይሸጡ የነበሩት የሳይንሳዊ ልብ ወለድና የጭራቅ ሥዕላዊ መጽሔቶች ይገኛሉ።

ከሳሾቻቸው ብዙ ነበሩ። በ1948 በዌስት ቨርጂኒያዋ ስፔንሰርና በኒው ዮርክ ግዛቷ ቢንግሃምተን ተማሪዎች እንደነዚህ ያሉ መጽሔቶችን ከምረው አቃጠሉ። በ1954 የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርታም ሥዕላዊ መጽሔቶች ወጣቱን ወደ ወንጀል ይመራሉ የሚል መጽሐፍ አወጣ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ኒው ዮርክ ላይ ተሰይሞ አሳታሚዎችን ጠየቀ። አሳታሚዎቹም በመንግሥት ከመገደዳቸው በፊት ራሳቸው የሳንሱር ደንብ አወጡ።

ዌርታም ተራ ሰው አልነበረም። በ1946 በሃርለም ለድሆች የአእምሮ ሕክምና መስጫ ከከፈቱት አንዱ እርሱ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሕፃናትን በትምህርት ቤት መለያየት ጎጂ መሆኑንም በፍርድ ቤት መስክሯል። እንግዲህ ድህነትና የዘር መድልዎ በሕፃን ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ከማንም በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዳሩ ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ በትሩ ያረፈው በሥዕሉ ላይ ሆነ። ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ዌርታም የሕፃናቱን ቃል እንደለወጠና እንዳጋነነ ከራሱ ሰነዶች አሳይተዋል።

ሳያነቡ መፍረድ ምን እንደሚያስከትል ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ1953 አል ፌልድስታይን ደርሶት ጆ ኦርላንዶ የሣለው «የፍርድ ቀን» የተሰኘ አጭር ትረካ «ዊርድ ፋንታሲ» በተባለው መጽሔት ወጣ። አንድ ጠፈርተኛ የሮቦቶችን ዓለም ይጎበኛል። ሮቦቶቹ በውስጣቸው ፍጹም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው ብርቱካናማና ሰማያዊ የሆነው የላይ ቅባቸው ብቻ ነው። ሰማያዊዎቹ ግን በተለየ ሠፈር ይኖራሉ፤ ዝቅተኛውንም ሥራ ይሠራሉ። ጠፈርተኛው ይህ ዓለም ወደ ከዋክብቱ ኅብረት ለመግባት ገና አልበቃም ብሎ ይፈርዳል። በመጨረሻው ሥዕል የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ሆኖ ይታያል፤ በፊቱም ላይ ላብ ያብረቀርቃል።

አሳታሚው ዊልያም ጌንዝ ይህን ትረካ በድጋሚ ለማተም ሲነሣ የሳንሱሩ ኃላፊ፣ ዳኛ ቻርልስ መርፊ፣ ጠፈርተኛው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። በኋላም ቢያንስ ላቡ ይጥፋ ማለቱን ፌልድስታይንና ጌንዝ ተናግረዋል። አስገራሚው ነገር፣ ደንቡ ራሱ ማንኛውንም ዘር ማጥቃትና ማላገጥን የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። ጌንዝ እምቢ አለ፤ ትረካው ሳይነካ ታተመ። ከዚያ በኋላ ግን ድርጅቱ ይህን ዓይነት መጽሔት ማሳተሙን አቆመ።

ሁሉም መልካም ነበሩ የሚል የለም። ጭራቅ የተሸከማት፣ የምትጮኽ ሴት የገበያ ማጥመጃ ነበረች፤ ተደጋግሞ የተገለበጠ ተረክም ሞልቶ ነበር። ይህን ዓይነቱን መንቀፍ ተገቢ ነው። የሚነቀፈው ግን እያንዳንዱ ሥራ ተነብቦ እንጂ በጅምላ ተከምሮ አይደለም። በምድጃ ዳር የጭራቅ ተረት ሰምቶ ያደገ ሕዝብ፣ ጭራቅ ራሱ ሕፃንን እንደማያበላሽ ያውቃል፤ ተረቱ ማስተዋልን ሲያስተምር ብዙ ትውልድ አሳድጓልና።

ከሁሉ የከፋው ዝምታ ደግሞ በሠዓሊው ላይ የወረደው ነው። የደንቡ አንቀጾች ሥዕሉ ምን ማሳየት እንደሌለበት ሲዘረዝሩ፣ ሥዕሉ የማን እንደሆነ አንዳች አልተናገሩም። ጃክ ከርቢ በገጽ እየተከፈለው ጭራቆችን በብዛት ሣለ፤ መብቱ ግን የአሳታሚው ሆነ። የገዛ እጁን ሥዕሎች ለማስመለስ በ1980ዎቹ ረጅም ትግል አድርጎ በ1987 ያገኘው ከፊሉን ብቻ ነው። በ1994 ሞተ። ወራሾቹ ከድርጅቱ ጋር የተስማሙት በ2014 ነው። በ1960 እርሱ የሣለው፣ ግሩት የተባለው የዛፍ ጭራቅ በዚያው በ2014 በፊልም ቀርቦ፣ ፊልሙ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

እንግዲህ ጭራቁ ማን ነበር? በወረቀቱ ላይ የተሣለው ነውን? ወይስ ሳያነብ ያቃጠለው፣ ከጥቁር ሰው ፊት ላብ እንዲጠረግ ያዘዘውና የሠዓሊውን ድካም የወሰደው? መምህር ከተማሪው እጅ የሥዕል መጽሔት ከመንጠቁ በፊት ያንብበው፤ አንብቦም ከተማሪው ጋር ይከራከርበት። ሐያሲም ስለ ሥራው ይዘት ሲጽፍ፣ ሥራው ለሠሪው ምን እንዳተረፈለት ይጠይቅ። ይህን ሁለቱን የማያደርግ ሂስ የሚጠብቀው ሕፃኑን ሳይሆን የራሱን ምቾት ነው።