ሙግት፦ ክረምቱ የጓዳ ነው ወይስ የልጆች?

ትምህርት ቤቶች ሐምሌ ላይ ሲዘጉ ልጆች እስከ መስከረም ቤት ይውላሉ። በእነዚህ ወራት የቤቱን ሥራ ይያዙ ወይስ ይለቀቁ? አንዲት እናትና አንድ መምህር ይሟገታሉ።

እናት፦ ልጆቹ ጓዳ ይግቡ

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ኑሮ ባለው ቤት ያደገ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የራሱን ካልሲ አጥቦ ላያውቅ ይችላል። የሚያጥብለት አለ። ብዙ ጊዜ የምታጥብለት ከገጠር የመጣች፣ በዕድሜ ከእሱ ብዙም የማትርቅ ልጅ ናት። እሱ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ ሲነካካ እሷ የበላበትን ሳህን ከፊቱ ታነሳለች። ለምደነው እንጂ ሊያሳፍረን የሚገባ ነገር ነው። "ልጅ ሥራ አይነካም፣ ይማር" የምንል ወላጆች የምናስበው የወለድነውን ብቻ ነው። የሰው ልጅ ወለላችንን ጎንበስ ብላ ስትወለውል ግን ምንም አይመስለንም።

ይህን ለማስተካከል ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም። በትምህርት ወራት የከተማ ልጅ በጠዋት ተነስቶ ሰርቪስ ይጠብቃል፣ ሲመሽ ደክሞት ይገባል፣ ከዚያ ደግሞ ጥናቱ አለ። በዚያ መሃል ቢታዘዝ ብርጭቆ ከማቀበል አያልፍም። እኔ ልጅ እንዲያውቅ የምፈልገው ሥራን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ነው። ሊጥ ዛሬ ቢቦካ ነገ አይጋገርም፤ በክረምት ብርድማ ጭራሽ ቶሎ አይነሳም። እርሾ መጨመሩን፣ ላዩ ላይ ያቀረረውን ውሃ መድፋቱን፣ አብሲት መጣሉን ልጁ ተከታትሎ የሚያየው ቀኑን ሙሉ ቤት ሲውል ነው። ልብስ ማጠብም እንዲሁ። ሐምሌ ላይ ማጠቡ ቀላል ነው፤ ችግሩ ማድረቁ ላይ ነው። ደመናው ገለጥ ሲል ማስጣት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሮጦ ማንሳት፣ ትምህርት ቤት የዋለ ልጅ የማይደርስበት ሥራ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ሌሊት ተነስቶ በርሜልና ጀሪካን የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ለምን ሁልጊዜ እናት ወይም ሠራተኛ ትሆናለች?

ሥራ መስጠት የልጅን መብት መንካት ነው የሚሉም አሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር በአንቀጽ 31 ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ለቤተሰቡ ኃላፊነት እንዳለበት፣ ወላጆቹን ሲቸገሩ መርዳት እንደሚገባው ይደነግጋል። የአፍሪካ መንግሥታት ስለ ልጅ መብት ሲጽፉ ይህን መጨመራቸው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ከቤቱ ምንም የማይጠበቅበት ልጅ በዚያ ቤት እንግዳ ነው።

መምህር፦ ክረምቱን አትውሰዱባቸው

እህቴ ከገጠር ስለመጣችው ልጅ ያነሱት እውነት ነው፤ በዚያ አንለያይም። ያቀረቡት መፍትሔ ግን እሷን አያሳርፋትም። ልጅዎ ሁለት ወር ሳህን ቢያጥብ መስከረም ሲጠባ ሳህኑ ተመልሶ ወደ እሷ ይሄዳል። ዕረፍት ሲደርስ ብቻ የሚመጣ ሥራ ለልጁ የሚያስተምረው፣ ሥራ ማለት ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ነገር እንደሆነ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሥራው የሚያርፍበት ትከሻ ነው። "ልጆች ይሥሩ" ይባላል፣ የምትሠራዋ ሴቷ ትሆናለች። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ጀምሮ ያሉትን አካቶ ነበር፤ ክፍያ የሌለው የቤት ውስጥ ሥራ በአመዛኙ በሴቶች ላይ እንደወደቀም አሳይቷል። እኔም መስከረም ላይ ተማሪዎቼ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉ ሲነግሩኝ የምሰማው ይህንኑ ነው። ወንዶቹ ስለ ኳስ ያወራሉ። ሴቶቹ ታናናሾቻቸውን ሲይዙ፣ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ቡና ሲያፈሉ ከርመዋል። ትምህርት ቤት ለእነሱ ከጓዳ የሚወጡበት በር ነው፤ በሩ በተዘጋበት ወር ሌላ ሥራ ጨምሩላቸው ስንል ማንን እንደምንጫን እንወቅ። ገጠር ከሄድን ደግሞ ክረምት የአረም ጊዜ ነው፣ ከብቱም ሰብል እንዳይገባ እረኛ ይፈልጋል። የገበሬ ልጅ ትምህርት ሲዘጋ ዕረፍት አያገኝም።

እህቴ አንቀጽ 31ን ጠቅሰዋል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 31 አለው፤ እሱ የሚናገረው ስለ ዕረፍትና ጨዋታ ነው። እርስዎ የጠቀሱት ቻርተር ራሱ በአንቀጽ 12 ይህንኑ መብት አስቀምጧል።

ደግሞስ የእኛ ክረምት ባዶ ነው ያለው ማን ነው? ለቡሄ ጅራፍ ይገመዳል፣ የሆያ ሆዬው ግጥም ይጠናል፣ አውጪና ተቀባይ ይመረጣል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ አለ፤ የልጃገረዶች በዓል ነው። ለእንቁጣጣሽ የአበባ ሥዕል ተስሎ ለጎረቤት ይበረከታል፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ። ይህን ሁሉ ልጅ የሚወርሰው ከልጅ ነው፤ ወላጅም መምህርም አያስተምሩትም። ታላላቆቹ ጓዳ ከዋሉ ታናናሾቹ ከማን ይቀበላሉ? በኮንዶሚኒየም ግቢ ያደጉ፣ ጅራፍ ከምን እንደሚሠራ የማያውቁ ልጆች አስተምራለሁ፤ ያሳዝነኛል።

እናት፦ ሙልሙሉን ማን ጋገረው?

ወንድሜ ቡሄን ማንሳትዎ ጥሩ ነው። ልጆቹ በር ላይ ቆመው ሲጨፍሩ የሚሰጣቸውን ሙልሙል ማን ጋገረው? ጭሱ ውስጥ የቆመችው ልጅ እነሱን በመስኮት ነው የሰማቻቸው። ሴቷ ትረፍ ካሉ ወንዱ መጋገር መቻል አለበት፤ ጨዋታ ብቻ እየሰጠነው አድጎ ሚስቱን ሊያግዝ አይችልም። የእርስዎ ጥናት የሚመሰክረው ለእኔ ነው። በእኔ ቤት በዚህ ክረምት ምጣድ ላይ ያለው ወንዱ ነው። ጠርዙ የተቆረሰ እንጀራ እየበላን ነው፣ ማንም አላጉረመረመም። እህቱ ጎረቤት ሄዳ ቼዝ እየተማረች ነው። ዘመድ መጥቶ "ምነው ወንዱን?" ሲል መልስ የሚሰጠው እሱ ራሱ ነው።

መስከረም ሲጠባ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል ላሉት፣ ሊመለስ ይችላል። ግን አንዴ የለመደ እጅና ጭራሹን ያልነካ እጅ እኩል አይደሉም። ጥር ላይ ሠራተኛዋ ብትታመም አሁን እንጀራ የሚጋግር ሰው ቤት አለ።

መምህር፦ ቅዳሜስ?

ስለ ሙልሙሉ ልክ ነዎት። ወንዱ ይጋግር፣ ይህን አልቃወምም። የምቃወመው ሠራተኛዋ እስክትታመም መጠበቁን ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ አለ። ሊጡ ረቡዕ ማታ ይቦካ፤ አባትየው ዱቄቱን ይንፋ፣ ልጁ ያቡካ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተራ በተራ ይጋግሩ። በአንድ ሰው ላይ ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ ሥራ በየቀኑ ይደልደል፤ ካልሲውን በገላ መታጠቢያው ሰዓት ይጠብ፣ ሳህኑን በልቶ እንደተነሳ። አባት በዚህ ድልድል ውስጥ ስሙ ይግባ፤ እስካሁን በሁለታችንም ጽሑፍ ውስጥ አልታየም። ያቺ ከገጠር የመጣች ልጅም የማታ ትምህርት የምትሄድበት ሰዓት ይገኝላት፤ ድልድሉ ይህን ካላመጣ ለእሷ ምንም አልሠራንም።

ይህ ከተደረገ ሐምሌና ነሐሴ ተጨማሪ ሥራ አይፈልጉም። ልጅዎ ያን ቀን ድርሻውን ከጨረሰ፣ የሰፈር ልጆች በር ላይ መጥተው ሲጠሩት ይውጣ። እህቱም ትውጣ።