የሺህ ዶላር ስልክ በጎልቦ

አቅሙ የፈቀደለት ሰው ከሁሉ ውዱን ስልክ ቢገዛ አይሳሳትም የሚል እምነት በአዲስ አበባም በናይሮቢም የተለመደ ነው። ከሁለቱም ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በድንበር ለሁለት በተከፈለችው ሞያሌም ሥር ሰዷል። ዋጋ ጥራትን፣ ጥራት አገልግሎትን፣ አገልግሎት ዕድሜን ያመጣል ነው ነገሩ። ዋጋ ጥራትን ያመጣል የሚለው በከፊል እውነት ነው። ቀሪው ግን ስልኩ ውሎ የሚያድርበትን ቦታ ሳይጠይቁ የሚመለስ አይደለም። በኬንያዋ ሞያሌ፣ ይልቁንም በዳገቱ ግርጌ በተዘረጋው የጎልቦ ቆላ፣ እምነቱ ብዙ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል።

የዛሬው ውድ ስልክ ዋጋ የተቆረጠው ለሌላ ዓይነት ገዢ ነው። አፕል በ2017 አይፎን ቴንን በ999 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሺህ ዶላር ስልክ ተራ ነገር መሆን ጀመረ፤ ሌሎቹም አምራቾች ተከተሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ቆጥሮ የሚከፍል ጥቂት ነው። ገዢው ከስልክ ድርጅት ጋር ውል ይገባል፣ በየወሩ ይከፍላል፣ አሮጌውን አስረክቦ አዲስ ይወስዳል፣ ቢሰበርበት ኢንሹራንስ አለው፣ የጥገና ማዕከሉም ሩቅ አይደለም። ወደ ሞያሌ የሚመጣው ስልኩ ብቻ ነው። ውሉም፣ ኢንሹራንሱም፣ ጥገናውም እዚያው ይቀራሉ፤ ዋጋው ግን ሳይቀነስ አብሮ ይመጣል።

ዋጋው ራሱ ድንበሩ ላይ ይዋዥቃል። አንድ ዶላር በ129 የኬንያ ሽልንግ ገደማ ሲመነዘር 999 ዶላር ወደ 129 ሺህ ሽልንግ ይሆናል። በዚህ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና ከ2022 ወዲህ ከውጭ በሚገቡ ስልኮች ላይ የተጣለው 10 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ ይጨመራሉ። በኢትዮጵያ በኩል በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ዓመቱ ሳያልቅ ከ120 ብር አለፈ። ያው 999 ዶላር ከ57 ሺህ ብር ወደ 120 ሺህ ብር ተሻገረ ማለት ነው። ስልኩ ላይ አንዲት ብሎን አልተጨመረችም። በዚያው ቆላ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ ከብት ሲረግፍ እንደነበረ ለሚያስታውስ አርብቶ አደር፣ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ኪስ ውስጥ በሚገባ መስታወት ላይ ማዋል ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከዋጋው ይልቅ ሲሙ ነው። በድንበር ከተማ አንድ መስመር አይበቃም። የሳፋሪኮም ኬንያ ሲም ለናይሮቢ ገበያና ለኤምፔሳ ያስፈልጋል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ለማዶው ዘመድ፣ ለመርካቶ ነጋዴና ለቴሌብር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በጥቅምት 2022 ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሦስተኛ ሲም ተጨምሯል፤ ስሙ አንድ ቢሆንም መስመሩ ከኬንያው የተለየ ነውና። የታወር ሞገድ ኬላ አያቆመውም፤ ስልኩ እንደ ቦታው አንዴ የዚህን አንዴ የዚያን ኔትወርክ ይይዛል። ይህን የለመደ ሰው የኔትወርክ ምርጫውን ከአውቶማቲክ አውጥቶ በእጁ ያስተካክላል፤ አለዚያ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሮሚንግ ሒሳቡ ያልቃል። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ደቡብ ሱዳን ከ2014 ጀምሮ የሮሚንግ ታሪፍ ለመቀነስ የተስማሙበት የጋራ ቀጣና ኢትዮጵያን አይጨምርም።

እንዲህ ላለ ኑሮ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ሲም ስልክ ነው። ርካሾቹ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ሁለት የሲም ቦታ በመስጠት ነው አፍሪካን የያዙት፤ እናት ኩባንያቸው ትራንሽን አንድ ደንበኛ ሁለትና ሦስት ሲም እንደሚይዝ ቀድማ ተረድታለች። በተቃራኒው አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው አይፎን ከ14ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 ወዲህ፣ የሲም መክተቻ ጨርሶ የለውም፤ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተገጠመ የማይነቀል ዲጂታል ሲም ብቻ ይሠራል። አሜሪካ ያለ ዘመድ በፍቅር የላከው ስልክ ሞያሌ ሲደርስ መክተቻ አልባ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከስልክ ድርጅት በውል የተገዛ ከሆነ ደግሞ ውሉ ተከፍሎ እስኪያልቅ ለሌላ ኔትወርክ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ኢሲም በራሱ መጥፎ ቴክኖሎጂ አይደለም። ነገር ግን ባትሪ ያለቀ ወይም ስክሪን የተሰበረ ቀን፣ ሲሙን ነቅሎ ኬንያውያን ካባምቤ በሚሉት ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ መክተት የሚያድነው ሰው ይህን መውጫ ያጣል። ውዱ ስልክ እዚህ ላይ ከርካሹ ያነሰ አገልግሎት ይሰጣል፤ ይህን የሚናገር ሻጭ ግን እምብዛም አይገኝም።

ገንዘብ የማንቀሳቀሱ ሥራም ውድ ስልክ አይጠይቅም። ኤምፔሳ በመጋቢት 2007 ኬንያ ውስጥ ሲጀመር ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ ላይ፣ በሲሙ ውስጥ በተቀመጠ ማውጫ ነበር የሚሠራው። ዛሬም *334# በመደወል ይከፈታል። በግንቦት 2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብርም በ*127# ከባለ ቁልፍ ስልክ ይታዘዛል። ፍየል ሸጦ ገንዘቡን በስልክ የሚቀበል ሰው የሚያስፈልገው ሲም፣ የሚስጥር ቁጥርና የሚሠራ ታወር ነው። መተግበሪያው በውድ ስልክ ላይ ያምራል፤ ታወሩ ሲቋረጥ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ባትሪው ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። የኬንያዋ ሞያሌ ከአገሯ ዋና የመብራት መስመር ርቃ ለዓመታት ኃይል ስትገዛ የኖረችው ከኢትዮጵያ በኩል ነው፤ በማዶ ችግር ሲፈጠር እዚህም ይጨልማል። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጎልቦ ሜዳ ለሚወርድ ደግሞ ያለው ሶላርና ፓወር ባንክ ነው። ስልክ ከታወር በራቀ ቁጥር ሞገዱን ለማድረስ የሚያወጣው ኃይል ይጨምራል፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥ እስከ ማታ የሚደርስ ባትሪ ሜዳ ላይ ቀትርን ላያልፍ ይችላል። የአይፎን 15 ባትሪ 3,349፣ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 24 ባትሪ 4,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ዋጋቸው የእነዚህን ሩብ የማይሞላ ብዙ ስልኮች 5,000 ይዘው ይወጣሉ። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም፤ ውዶቹ ስልኮች ኃይል የሚቆጥብ ፕሮሰሰር አላቸው፣ ልዩነቱንም በከፊል ያካክሳሉ። ሙቀቱን ግን የሚያካክስ የለም። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ የአካባቢ ሙቀት እንዲሠሩ መዘጋጀታቸውን ይገልጻል፤ በቆላ ከሰዓት በኋላ በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ስልክ ይህን ወሰን ያልፋል። ያው ኩባንያ እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ ተደርገው መሠራታቸውን ያስታውቃል። በቀን አንድ ሙሉ ቻርጅ ለሚጠቀም ሰው ይህ 16 ወር ገደማ ነው፤ ያውም በተመቸ ሁኔታ።

ካሜራው በማስታወቂያ ላይ ከሁሉ ጎልቶ የሚታይ፣ በጥቅም ላይ ግን ቶሎ የሚቀልጥ ምክንያት ነው። የሳምሰንግ ኤስ 23 አልትራ 200 ሜጋፒክሰል ካሜራ በተራ አጠቃቀም 16 ነጥቦችን እያጣመረ 12.5 ሜጋፒክሰል ፎቶ ይሰጣል። ፎቶው በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ሲላክ ረጅም ጎኑ ወደ 1,280 ነጥብ ይቀነስና 1.2 ሜጋፒክሰል አካባቢ ሆኖ ይደርሳል። ደላላው ናይሮቢ ላለ ገዢ የላከው የበሬ ፎቶ በ200ም በ12ም ተነሣ፣ ስልኩ ላይ የሚታየው አንድ ነው። በሥዕልና በቪዲዮ እንጀራውን የሚበላ ሰው ከዚህ ይለያል፤ ለእሱ ጥሩ ካሜራ የሥራ መሣሪያ ነውና ዋጋውን ያወጣል።

ጥገና ላይ ሲደረስ ትችቱ ይጠነክራል። አፕል በአፍሪካ አህጉር አንድም የራሱ መደብር የለውም። የሞያሌ ስልክ ጠጋኝ የቴክኖን ስክሪን ከመደርደሪያው አውርዶ ይቀይራል፤ ለውዱ ስልክ ግን ዕቃው ከናይሮቢ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ሲመጣም ኦሪጅናል ይሁን ኮፒ ማረጋገጥ ይከብዳል። በዚህ ላይ አፕል ከአይፎን 11 ጀምሮ ስክሪኑ የኩባንያው መሆኑን ማረጋገጥ ካልቻለ ስልኩ ራሱ ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ አድርጓል። በ2021 የወጣው አይፎን 13 ደግሞ ስክሪኑ ከኩባንያው ውጭ ሲቀየር የፊት መለያውን ያጠፋ ነበር፤ ተጠቃሚው ከጮኸ በኋላ ነው በሶፍትዌር የተስተካከለው። ጠጋኙ እጁ የፈታ ቢሆንም ሥራው የሚሰናከለው ሆን ተብሎ በተዘጋ በር ነው።

ይህ ሁሉ ርካሽ ስልክ ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ለውዱ ስልክ የሚቀርበው ከባዱ መከራከሪያ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ኢትዮጵያን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች በተሸጡ የቴክኖ ደብሊው 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስ ሄልፐር የተባሉ ተንኮል አዘል ፕሮግራሞችን ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በአየር ሰዓቱ የክፍያ አገልግሎቶችን ይመዘግቡ ነበር። ትራንሽን ጥፋቱን በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ባለ ሌላ አካል ላይ አሳበበ። አምስት ሽልንግ የቆጠበ ድሃ በካርድ ሒሳቡ ሲዘረፍ ማየት የርካሽነትን ዋጋ ያሳያል። በሌላው ጫፍ ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ የሰባት ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። ስልክ የገንዘብ ቦርሳ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቃሉ የሚጠቅመው ግን ባትሪው፣ ስክሪኑና ቻርጅ መሰኪያው ሰባት ዓመት እንዲደርሱ የሚያደርግ ጥገና በቅርብ ሲገኝ ነው። ከሳምሰንግ መካከለኛ ስልኮች ለበርካታ ዓመታት ማሻሻያ የሚያገኙ ስላሉም ደኅንነትን ለማግኘት የግድ ጣሪያው ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሻጩ ስለ ካሜራው ሲያወራ ገዢው ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚመጣ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የውድ ስልክ ፍላጎት ዋናው መነሻ ከዚህ ሁሉ ውጭ መሆኑም ግልጽ ነው፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ስለ ባለቤቱ ይናገራል። ይህን የሚሻ ሰው መብቱ ነው፤ ነገር ግን ክብር እየገዛ እንጂ አገልግሎት እየገዛ እንዳልሆነ ሊያውቅ ይገባል። ክብሩን በቅናሽ የሚፈልገው ደግሞ ወደ ስላሽ ያዘነብላል፤ ኬንያውያን ኤክስ ዩኬ ወደሚሉት ያገለገለ ስልክ። እዚህ ላይ ፍተሻው ይበዛል። *#06# ሲደወል የሚወጣው የመለያ ቁጥር በስልኩ ሴቲንግና በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልወጣ አይፎኑ አንድ ቀን ተቆልፎ እንደ ድንጋይ ይቀራል። የሁለቱም አገር ሲም ተከትቶ መደወሉና ዳታ መሥራቱ ሱቁ ውስጥ እያሉ መታየት አለበት። ቀረጥ ያልተከፈለበት ስልክ ተጨማሪ ጣጣ አለው፦ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ስልኮችን በመለያ ቁጥራቸው መመዝገብ ጀምሮ ያልተመዘገበ ስልክ ከአገልግሎት ውጭ የሚሆንበትን አሠራር ዘርግቶ ነበር፤ የኬንያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በጥቅምት 2024 ከ2025 መባቻ ጀምሮ ቀረጥ ያልተከፈለባቸው ስልኮች በኔትወርክ ላይ እንዳይሠሩ የሚያደርግ ማስታወቂያ አውጥቶ ወዲያው በፍርድ ቤት ተሞግቷል። እንዲህ ያለ እገዳ በሚጸናበት ጊዜ በኮንትሮባንድ የተገዛ ስልክ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ እኩል ይዘጋል፤ በ10 ሺህ የገዛና በ130 ሺህ የገዛ ሰው የሚያጡት ገንዘብ ግን እኩል አይደለም።