የኮከብ ነፋስ

በቋንቋችን ኮከብ የተቆረጠ ዕጣ ነው፡፡ ሁለት ሰዎች ሲዋደዱ «ኮከባቸው ገጠመ» እንላለን፤ ሳይስማሙ ሲቀሩም ጥፋቱን ወደ ሰማይ እንልካለን፡፡ ግጥሞቻችንም ይህንኑ ወርሰው ኮከብን ከሩቅ የሚያበራ፣ የማይነካና የማይናወጥ ጌጥ አድርገው ያኖሩታል፡፡ እኔ ግን ይህ ምስል ደክሟል ባይ ነኝ፡፡

ማስረጃዬ ከአናታችን በላይ ነው፡፡ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች፣ ከከተማው መብራት ራቅ ብሎ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቀና ላለ ሰው፣ በመጽሐፈ ኢዮብ ስሙ የተጠራው ኦሪዮን በግልጽ ይታያል፡፡ ከመቀነቱ ሦስት ከዋክብት በስተደቡብ ያለችው ደብዛዛ ጭጋግ ወደ 1,300 የብርሃን ዓመታት የምትርቅ የከዋክብት መወለጃ ናት፡፡

እዚያ ኮከብ የሚወለደው ከዜሮ በታች 260 ዲግሪ ገደማ ከቀዘቀዘ የሞለኪውል ደመና ነው፡፡ ጋዙ በገዛ ክብደቱ ወደ ውስጥ እየወደቀ በጨቅላው ኮከብ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ከፊሉን ግን መግነጢሳዊ ኃይል በሁለቱ ዋልታዎች በኩል፣ በሰከንድ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይወረውረዋል፡፡ ውርወራው ትርፍ ሽክርክሪቱን ይዞለት ስለሚሄድ ኮከቡ ያድጋል፡፡ ካልጣለ አያድግም፡፡

የግዙፎቹ ነፋስ ደግሞ ይበረታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያች ጭጋግ መካከል ያለ አንድ ግዙፍ ወጣት ኮከብ በነፋሱ ደመናውን እንደ አረፋ ነፍቶታል፤ የአረፋው ግድግዳም በሰከንድ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፡፡ በተጠረገው ባዶ ውስጥ አዲስ ኮከብ አይወለድም፤ በሌላ ስፍራ ግን እንዲህ የታመቀ ጋዝ ሌሎችን ሊያስወልድ ይችላል፡፡

«የወለደውን የሚበትን ከሐዲ ልጅ!» ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል አይጠፋም፡፡ በአገራችን ወጣትና ሽማግሌ በተጋጩ ቁጥር የምንሰማው ፍርድ ነውና፡፡ ነገር ግን ጨቅላው የሚወረውረው ጋዝ ራሱ የደመናው አካል ነው፡፡ ደግሞም ደመናው ምንም ሳይገታው በአንድ ጊዜ ወደ ከዋክብትነት ቢለወጥ ኖሮ፣ ለነገ ልደት የሚተርፍ ጋዝ ባልኖረ፡፡

ስለዚህ የብዕር ወዳጆቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ኮከብን ከዕጣ ፈንታ ሎሌነት እናውጣው፡፡ ነገሩ ገና ያልተቆረጠለት፣ ከተወለደበት ማኅፀን ጋር እየታገለ የሚያድግ ፍጥረት አድርገን እንጻፈው፡፡ እንዲህ ያለ ኮከብ ለዚህ ትውልድ ከተጻፈ ዕጣ ይልቅ ይቀርበዋል፡፡