የፊልም ማስተርስ ስድስት ኪሎ አለ፤ ሠርግ እየቀረጹ ያደጉት ግን በየት በኩል ይግቡ?

«የፊልም ማስተርስ ልማር ወይ? ምን ያረግልኛል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ሲደጋገምብን ቆይቷል። ብዙዎቹ ጠያቂዎች የኛው የጉለሌ ልጆች ናቸው፤ ከአዲሱ ገበያ፣ ከቀጨኔ፣ ከሽሮ ሜዳ። አንዳንዱ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያጣ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን ይዟል፣ ካሜራውም አለው፣ ዲግሪ ግን የለውም። ዛሬ ለሁለታችሁም እንመልሳለን፤ መልሱ ግን አንድ አይነት አይደለም።

መጀመሪያ አገር ውስጥ ያለውን እንወቅ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ማስተርስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ትምህርቱ የተጀመረው በእስክንድር ቦጎሲያን የክዋኔና የእይታ ጥበባት ኮሌጅ ሥር ነው፤ ማለትም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ትምህርት ቤት በነበሩበት ኮሌጅ። ለጉለሌ ልጅ ርቀት ሰበብ አይሆንም። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በእግር ብትወርዱ የዩኒቨርሲቲውን ዋና ግቢ ስድስት ኪሎ ላይ ታገኙታላችሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እንመጣበታለን።

ትምህርቱ ከፊልሙ በጣም ዘግይቶ ነው የመጣው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማነው» የታየው በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ እስከ ማስተርሱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አለፈ። በመሃል ቴአትር ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። በደርግ ጊዜ ወደ ሶሻሊስት አገሮች ተልከው ፊልም የተማሩ ነበሩ። የፊልም ኮርፖሬሽንም ተቋቁሞ ነበር፤ እሱም በኢሕአዴግ ጊዜ ፈረሰ።

በኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ እነ «ጉዲፈቻ» እና የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ወጥተው የቪዲዮ ፊልሙ ዘመን ሲጀመር፣ አገር ውስጥ የፊልም ማስተርስ የሚባል ነገር አልነበረም። ከቴአትር የመጣ ነበር፣ ከፎቶ ቤት የመጣ ነበር፣ ሠርግና ክርስትና ሲቀርጽ የከረመ ነበር። ሲኒማ ቤት በር ላይ እናንተንና ታላላቆቻችሁን ያሰለፈው ይሄ ትውልድ ነው። ከኋላ የግል ማሰልጠኛዎች መጡ። የቻዱን ዳይሬክተር የማሃማት ሳሌህ ሃሩንን «አቡና» እና «ዳራት» የቀረጸው አብርሃም ኃይሌ ብሩ ኔዘርላንድ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ብሉ ናይል የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚን ከፍቷል። ሌሎችም አሉ። ግን የማሰልጠኛ ሰርተፍኬት ይዘህ ማስተርስ አትገባም። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚቆረጠው።

እሺ፣ ማስተርስ ራሱ ምን ይሰጣል? እውነቱን እንነጋገር፤ ካሜራ ለመያዝና ኤዲት ለማድረግ ማስተርስ አያስፈልግም። እሱን ዩቲዩብ ያስተምራል፣ ፎቶ ቤቱም ያስተምራል። ማስተርስ የሚሰጠው ጊዜና ተቺ ነው። ደንበኛ ሳያስቸኩልህ ሁለት ዓመት ሙሉ የራስህን ፊልም ብቻ የምታስብበት ጊዜ፣ «ይሄ ትዕይንት አይሠራም፣ ለምን እንደማይሠራም ልንገርህ» የሚልህ ሰው። ሠርግ ስትቀርጽ ተቺህ የሙሽራዋ እናት ናት፤ እሷ ደግሞ የምትፈልገው ዘመዶቿ በሙሉ መውጣታቸውን ነው።

ኃይሌ ገሪማን እንይ። ጎንደር ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ሄደ፣ ቺካጎ ቴአትር ተማረ፣ ከዚያ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ገብቶ በ1976 ማስተርሱን ጨረሰ። በእነዚያ ዓመታት ወደ አገር ቤት መጥቶ በጥቁርና ነጭ የቀረጸው የገበሬዎች ታሪክ፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፣ እስከ ዛሬ በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ይታያል። እዚያ ያገኘው ትልቁ ነገር አብረውት የተማሩት ይመስሉናል፤ እነ ቻርልስ በርኔትና ጁሊ ዳሽ። የአንዱን ፊልም ሌላው እያገዘ፣ እያየ፣ እየተቸ የሚሠሩ ጥቁር ተማሪዎች ነበሩ። ዛሬ «ኤል ኤ ሪቤሊየን» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ኃይሌ በኋላ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት አስተምሯል። «ጤዛ» ደግሞ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ፌስፓኮ ላይ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ።

ያሬድ ዘለቀም በማስተርስ የመጣ ነው፣ ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ። የልጅና የበግ ታሪክ የሆነው «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። «ድፍረት»ን የሠራው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪም ፊልም የተማረው ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሦስቱም አሜሪካ ናቸው። ልብ በሉ፣ የውጭ ፌስቲቫል በር የሚከፈተው በችሎታ ብቻ አይደለም፤ ስክሪፕትህን ለማን እንደምትልክ ማወቅም አለበት። ያንን ትውውቅ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ዋጋው ግን ለኛ ኪስ የሚሞከር አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የትምህርት ክፍያውን ተዉት፣ የማመልከቻና የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያው ራሱ እጥፍ ሆነብን። ስለዚህ ስኮላርሺፕ የሌለበትን የውጭ ማስተርስ ለአብዛኞቻችሁ አንመክርም። ቤት ሸጦ የሚሄድ ሰው ሲያጋጥመን በሐቅ ያስደነግጠናል።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ ያለው ማስተርስ ለኛ ትልቅ ነገር ነው። በብር የሚከፈል፣ ከቤት እየተመላለሱ የሚማሩት፣ ርዕሱም የራሳችን ፊልም ሊሆን የሚችል። ስለ አማርኛ ፊልም የተጻፈውን ብትፈልጉ አብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አሳታሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ሲኒ-ኢትዮጵያ» የተባለ ጥናታዊ መጽሐፍ ካዘጋጁት ሦስት ሰዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲው የቴአትር መምህር አቦነህ አሻግሬ ናቸው፤ ሁለቱ ግን የውጭ ተመራማሪዎች ናቸው። ሰዎቹ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፣ እናመሰግናለን። የኛን «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ቁጭ ብሎ የሚያጠና የኛ ልጅ ግን እስካሁን ጥቂት ነው። ዲግሪ ኖሮህ፣ መጻፍ የምትወድ ከሆነ፣ ባዶ ሜዳ ነው ያለው። ግባበት።

አሁን ወደ ችግሩ። ማስተርስ ለመግባት የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለሁሉም የትምህርት መስክ አንድ የሆነ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ፈተናው የቋንቋና የስሌት ችሎታ ይመዝናል። አሥር ዓመት የሰው ፊት በብርሃን ሲያነብ የኖረ ካሜራማን ዲግሪ ስለሌለው ለፈተናው መቀመጥ እንኳ አይችልም። ካሜራ ነክቶ የማያውቅ፣ በሌላ መስክ የተመረቀ ልጅ ግን መፈተን ይችላል። (እኛም ዲግሪ የለንም፤ «ለራሳችሁ ነው የምትሟገቱት» ብትሉን አንከፋም።)

ዲግሪ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም፣ እሱን እንረዳለን። ማስተርስ ጽሑፍ አለው፣ ንድፈ ሐሳብ አለው፣ ምርምር አለው። ማንበብና መጻፍ ያልተለማመደ ሰው ይቸገራል። ግን ዲግሪ የሌለው ሁሉ አያነብም ያለው ማነው? እንግሊዝ አገር ያለው ብሔራዊ የፊልምና የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት ማስተርስ ተማሪ ሲመርጥ የሠራኸውን ሥራ ያያል፤ ዲግሪ የሌለው ሰው በሥራውና በልምዱ ሊገባ ይችላል። የአሜሪካው ኤኤፍአይም የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ያንኑ ትምህርት አስተምሮ፣ በማስተርስ ፈንታ የማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ወረቀቱ ይለያያል፣ ክፍሉ አንድ ነው።

ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። ሲኦሲን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሙያውን ከአጎቱ የለመደ ግንበኛ ወይም ኤሌክትሪሺያን ተመዝኖ «ብቁ ነህ» ይባላል። መንግሥት ራሱ ችሎታ ከትምህርት ቤት ውጭም ይገኛል ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። ለግንበኛ የተፈቀደው ለካሜራማን ለምን ይከለከላል? ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ሁለት ወይም ሦስት ወንበር ሥራቸውን በሚያሳዩ ሰዎች ቢሞላ፣ ማስተርስ ባይሆን እንኳ ሰርተፍኬት ቢሰጣቸው፣ የሚጠቀሙት እነሱ ብቻ አይሆኑም። አጠገባቸው የሚቀመጠው ዲግሪ ያለው ልጅ ሴት ላይ መብራት እንዴት እንደሚቆም ከነሱ ይማራል፣ እነሱ ደግሞ ጽሑፉን ከሱ።

እስከዚያ ድረስ፣ ዲግሪ ላላችሁ፦ ከማመልከታችሁ በፊት የተመረቀ ሰው ፈልጋችሁ አናግሩ። በሁለት ዓመት ስንት ፊልም ሠራህ? ማን አየልህ? ካሜራ ስንት ሰዓት ነካህ? ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሰምታችሁ ወስኑ። ደሞዝ ለማስጨመር ብቻ ከሆነ ሌላ ትምህርት ይሻላችኋል።

ዲግሪ ለሌላችሁ፦ በማታ ወይም በርቀት የመጀመሪያ ዲግሪ መጀመር ረጅሙ መንገድ ነው፤ የመውጫ ፈተናም አለው። ግን አገር ውስጥ ሌላ በር እስኪከፈት ያለው እሱ ነው። ጎን ለጎን የራሳችሁ የሆነ፣ ደንበኛ ያላዘዘው፣ አሥር ደቂቃ የማይሞላ አንድ ፊልም ይኑራችሁ። በስልክም ይሁን። የውጭ ትምህርት ቤትም ይሁን የስኮላርሺፕ ኮሚቴ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው፤ የሠርግ ቪዲዮ ቢያምርም አይቆጠርላችሁም። የሠራችሁ ካላችሁ ሊንኩን ላኩልን፣ አይተን የመሰለንን በግልጽ እንነግራችኋለን።