የአንድ ቀን ጉብኝትና ያልተነገረው ታሪክ



በፋሲካው ዕረፍት፣ እዚህ አውሮጳ ከምንማር የማኅበራችን አባላት ጥቂቶቻችን ክሮኤሺያ ውስጥ ካለችው ከዱብሮቭኒክ ከተማ ተነሥተን ጎረቤቷን ሞንቴኔግሮን በአውቶቡስ ጎብኝተን ተመልሰናል። ጎሕ ሲቀድ ወጥተን የገባነው ከመሸ በኋላ ነው። ስለ ጉዞው ማማር ብቻ ጽፈን ማለፍ በቻልን ነበር፤ ነገር ግን ካየነው ይልቅ ያልተነገረን ነገር ስላሳሰበን ይህን አስተያየት ለማቅረብ ተገደናል።

አገሪቱ በእውነት ውብ ናት። ባሕሩ በተራሮች መካከል ሠርጎ ገብቶ የኮቶርን ወሽመጥ ሠርቷል። በፔራስት ፊት ለፊት መርከበኞች ለዘመናት ድንጋይ እየጣሉና አሮጌ መርከብ እያሰጠሙ የሠሯት ደሴት አለች፤ በላይዋም ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በዚሁ ነው) ከ1420 እስከ 1797 በቬኒስ ሥር የኖረችው ኮቶር ግንቧን ከባሕሩ ዳር ሽቅብ ወደ ተራራው ዘርግታለች። ከዚያ መንገዱ 25 ጊዜ እየተጠማዘዘ ወደ ንዬጉሺ መንደር ሲወጣ ባሕሩ ከእግር በታች፣ በሰሐን እንደ ተቀመጠ ውሃ ሆኖ ይታያል። በደጋው ላይ የጥንቷ የነገሥታት ከተማ ጼቲኜ ትገኛለች። ይህን ሁሉ አስጎብኚያችን በሚገባ አስረዳን።

ያላስረዳን አውቶቡሱ የሄደበትን መንገድ ነው። በ1991 በኦክቶበር ወር የዩጎዝላቭያ ጦር ከሞንቴኔግሮ ተጠባባቂ ወታደሮች ጋር በዚሁ ድንበር ተሻግሮ ወደ ዱብሮቭኒክ ዘመተ። የኮናቭሌ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከተማዪቱ ውሃና መብራት ተቆርጦባት ተከበበች፤ ዲሴምበር 6 ቀን አሮጌው ከተማ በመድፍ ተደበደበ። በሞንቴኔግሮ ጋዜጣ ግን ዘመቻው «ጦርነት ለሰላም» ተብሎ ይወደስ ነበር። ሁሉም አላጨበጨበም። እኛ ቡና ጠጥተን ባለፍንባት በጼቲኜ፣ በዚያው በጦርነቱ ወቅት አደባባይ ወጥተው ዱብሮቭኒክን ይቅርታ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ። በ2000 ፕሬዚዳንቱ ሚሎ ጁካኖቪች ለክሮኤሺያ ሕዝብ መጸጸታቸውን ገለጡ። ዓለም አቀፉ የዩጎዝላቭያ የጦር ወንጀል ፍርድ ቤትም ስለ ድብደባው ሁለት የጦር አዛዦችን በእስራት ቀጣ።

ከመካከላችን አንዱ ጦርነት እንደ ነበረ ሰምቶ ቢጠይቅ፣ አስጎብኚው «ዛሬ የደስታ ቀን ነው» ብሎ አለፈው። እኛም አልገፋንበትም። ከላይ የጻፍነውን ያወቅነው ከተመለስን በኋላ መጽሐፍ ገልጠን ነው፤ ስለዚህ ወቀሳው በእርሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በእኛም ላይ ነው።

«ቁስልን መነካካት ምን ይጠቅማል? ጎብኚ ይመላለስ፣ ገንዘብ ይዘዋወር፣ ቀሪውን ጊዜ ይሽረዋል» የሚሉ አሉ። የሚመላለሰውን አውቶቡስ አንንቅም፤ መድፍ ባለፈበት መንገድ ጎብኚ ማለፉ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። ያቺ አገር በክፉ ቀን ይቅርታ የጠየቁ ልጆች ነበሯት፤ ዝም ሲባል የሚረሳው ጥፋቱ ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ድፍረት ነው።

ነገሩ እኛንም ይነካል። ከ1998 እስከ 2000 ኢትዮጵያና ኤርትራ ተዋግተው ብዙ ወጣት አልቋል። በ2018 ድንበሩ ሲከፈት ሰዎች ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የተነሣ የተማሪዎች አውቶቡስ ከአሥመራ ደጋ ወደ ምጽዋ ባሕር ቢወርድ፣ እኛም «ዛሬ የደስታ ቀን ነው» ብለን ተራራውንና ባሕሩን ብቻ እያየን ልናልፍ ነውን?

ስለዚህ ለማኅበራችን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ከማናቸውም ጉዞ በፊት አንድ ምሽት ለጥናት ይመደብ፤ የታሪክ መምህራን ይጋበዙ፤ ቢቻል የዚያው አገር ተወላጅ የሆነ ተማሪ ቀርቦ ይንገረን፤ እኛም እንጠይቀው። ወጪው የአንድ ምሽት ሻይ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ጉዞ ዝግጅቱ ከአሁኑ ይጀመር እንላለን።